ወረንጦውን አስቀምጪው

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ እትዬ? ከደሴ ነው የምጽፍልዎ። የ21 ዓመት ልጅ ነኝ። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን አራት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እስከ መስከረም ድረስ የኖርነው ኮምቦልቻ ነው። አያታችን ስትታመም ቤታችንን አከራይተን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ እሷ ቤት ገባን። የ13 ዓመት ወንድሜ ከኮምቦልቻ ይዞት የመጣው የራሱ ነገር ቢኖር ነብሮ ነው። ነብሮ ጌኮ ነው። ከእንሽላሊት ወገን፣ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ጭራው ወፍራም። ጎረቤታችን ተከራይቶ የነበረ የውጭ አገር ኢንጂነር ኮንትራቱ ሲያልቅ ከነመስታወት ሳጥኑ ለወንድሜ ሰጥቶት ሄደ። "ሊዮፓርድ ጌኮ ይባላል፣ ሦስት ዓመቱ ነው" ብሎን ነበር።

ኮምቦልቻ እያለን ቆዳውን ሲለውጥ በአንድ ሌሊት ሙልጭ አድርጎ ይጨርስ ነበር። ደሴ ከገባን ወዲህ ግን አልሆነለትም። ቆዳው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ግማሹ ይቀራል። ጣቶቹ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ ቀርቷል። ግራ ዓይኑ ጥግ ላይም ነጭ ነገር አለ፤ እሱን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚውለው። ከሥሩ የሚነጠፈው ማሞቂያ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ ተቃጥሏል። ወንድሜ ለብርዱ ብሎ ከላይ አምፖል ሰቅሎ ሌት ተቀን ያበራበታል። ፌንጣም እንደ ኮምቦልቻ አይገኝም። ሲጠፋ ጥሬ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት፣ ወንድሜ ከተኛ በኋላ፣ ልርዳው ብዬ ነብሮን አወጣሁት። በስልኬ መብራት እያየሁ፣ በቅንድብ ወረንጦዬ ከኋላ እግሩ ጣት ላይ ያለውን ቆዳ ያዝኩና ሳብኩ። ቆዳው መጣ። ጣቷም አብራ መጣች። የሩዝ ፍሬ አታክልም። ደነገጥኩ። በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኳትና ነብሮን መልሼ አስገባሁት።

ጠዋት ወንድሜ ደም አየ። አያታችን ከመጣን ጀምሮ "ይሄ ነገር ገዱ አያምርም፣ መርዝ ነው፣ ከቤቴ ይውጣልኝ" ስትል ነበር። ስለዚህ "እሷ ናት ያደረገችው" አለ። አኩርፏታል። ምግብ ስታቀርብለት ተነስቶ ይወጣል። እሷ ምን እንዳጠፋች እንኳ አልገባትም። እኔ ደግሞ ዝም አልኩ። እናቴ ጭቅጭቁ ሲበዛባት "ወይ ቦርከና ወንዝ ዳር ልቀቁት፣ ወይ እኔው እለቀዋለሁ" አለች። እሷን ያናደዳት ሌላም ነገር አለ፤ ወንድሜ የነብሮን ውሃ የሚያስቀምጠው ከቡና ሲኒዎቿ በአንዱ ነው።

ልንገረው? ብነግረው ይቅር የሚለኝ አይመስለኝም። የቀረውን ቆዳስ ምን ላድርገው? ሌላ ጣት ሲወድቅ ማየት አልችልም።

የጨነቃት እህት፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው "የሩዝ ፍሬ አታክልም" ካልሽው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጨካኝ ሰው አይደለም።

ከጣቷ ልጀምር። አሮጌ ቆዳ ጣት ላይ ሳይወልቅ ሲቀር ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ ይጠብቃል። ጣትሽ ላይ ክር አጥብቀሽ አስረሽ ብታድሪ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። የሱም እንደዚያው ነው። ደም መድረስ ያቆማል፣ ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮ ራሱ ይወድቃል። አዋቂ ጌኮ በወር አንዴ ወይም በሁለት ወር አንዴ ቆዳውን ይለውጣል። ከመስከረም ወዲህ በትክክል ካልጨረሰ፣ በአንዱ ቀለበት ላይ ሌላ ቀለበት ተደርቦበት ይሆናል። ጤነኛ ጣት ደግሞ ቆዳው ስለተሳበ ብቻ ተነቅሎ አይመጣም። ከመሳብሽ በፊት መልኳ ምን ይመስል ነበር? ጠቁራ ነበር? ከሌሎቹ ቀጥና ነበር? እስቲ አስታውሺ። እኔ እንደምገምተው ያቺ ጣት ከሐሙስ በፊት ያለቀላት ናት።

ደሙን ግን አልዘለውም። ደም ከነበረ፣ በደረቁ መሳቡ ከሥሩ ያለውን ለጋ ቆዳ ጎድቶታል ማለት ነው። ይህን የምልሽ እንድትጸጸቺ አይደለም፤ ተጸጽተሽ ጨርሰሻል። የምልሽ ቁስሉ እንክብካቤ ስለሚፈልግ ነው። እመለስበታለሁ።

ጣቷ ተመልሳ አትበቅልም። ጭራው ቢሆን ይበቅልለት ነበር፤ ጣት አይበቅልም። ነገር ግን የነብሮ ዓይነት ጌኮ እንደ ግድግዳው እንሽላሊት መስታወት ላይ የሚጣበቅ መዳፍ የለውም። ኑሮው መሬት ለመሬት ነው። በ19 ጣት ደህና አድርጎ ይሄዳል፣ ፌንጣውንም ያድናል። አሁን ሥራችን 19ኙን ማትረፍ ነው።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አዎ፣ ንገሪው። ዛሬውኑ፣ ነብሮን ከመንካታችሁ በፊት።

መጠበቅ የሌለብሽ ለሦስት ሰው ስል ነው። አንደኛዋ አያትሽ ናት። ታማ በገዛ ቤቷ፣ ባላደረገችው ነገር የልጅ ልጇ ፊት ነስቷታል። የምታቀርብለትን ምግብ ትቶ ሲወጣ የምታየው እሷ ናት። ሁለተኛው ወንድምሽ ነው። ያመነው ነገር ሐሰት ነው፤ በየቀኑም እየከረረበት ይሄዳል። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። አራት ሌሊት አልተኛሽም፤ አምስተኛውም ዝም ብሎ አይሻልሽም።

"ይቅር አይለኝም" ብለሻል። ላይልሽ ይችላል፤ ቢያንስ ዛሬ። 13 ዓመት ከባድ ዕድሜ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ወንድምሽ ኮምቦልቻ ምን ትቶ መጣ? ጓደኞቹን? ኳስ የሚጫወትበትን ሜዳ? የክፍል ጓደኛውን? አንቺ "የራሱ ነገር ቢኖር ነብሮ ነው" ብለሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። አያቱን ያኮረፈው በጣት ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ከቤቱ ያስወጣው ነገር የሷ ሕመም ነው፤ ይህን ደግሞ አፍ አውጥቶ ሊናገረው አይችልም፤ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ስትነግሪው ቢጮህ፣ ቢያለቅስ፣ በር ዘግቶ ቢገባ አትደንግጪ። የተጠራቀመ ነው።

ሰው በተሰበሰበበት አትንገሪው። ሳጥኑ አጠገብ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሁን። ረጅም አታድርጊው። "ሐሙስ ሌሊት ጣቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልረዳው ፈልጌ ነው፤ አላወቅኩበትም። ሳልነግርህ ስለቀረሁ አያታችንን በከንቱ አኮረፍካት። ጥፋቱ የኔ ነው።" እዚህ ላይ አቁሚ። "ግን አንተም" የሚባል ነገር አትጨምሪ። ትንሽ ሲረጋጋ ደግሞ ሥራ ስጪው፦ "የቀሩትን ጣቶች ማዳን ይቻላል፤ ብቻዬን ግን አልችልም። አንተ ያዝልኝ፣ እኔ ውሃውን ላዘጋጅ።" እጁ ሥራ ሲይዝ ንዴቱ ይበርዳል።

ለአያትሽም አንቺው ቀድመሽ ሂጂ። ጉልበቷን ሳሚና እውነቱን ንገሪያት። ወንድምሽ ከኋላሽ ይመጣ እንደሆነ አንቺ አትጎትቺው። ከመጣ በራሱ ጊዜ ይምጣ።

አሁን ወረንጦውን መሳቢያ ውስጥ አስገቢው። ለነብሮ ጉዳይ ከዚህ በኋላ አይወጣም። ሕጉ አንድ ነው፤ በደረቁ አይሳብም። ቆዳው ሲረጥብና ሲሞቅ ራሱ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ነገ ይለቃል።

እንዲህ አድርጉ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ፈልጉ፤ ከዚህ በኋላ ለምግብ የማይመለስ ይሁን። ክዳኑን በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከታች ሶፍት ደራርባችሁ አንጥፉና ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው 30 ዲግሪ ግድም ይሁን። መለኪያ ከሌላችሁ ሕፃን ስታጥቢ እንደምታደርጊው በእጅ አንጓሽ የውስጥ በኩል ሞክሪው፤ መሞቁም መቀዝቀዙም እምብዛም የማይታወቅ ሲሆን ልክ ነው። ቁስሉ ትኩስ ስለሆነ ለጊዜው ውሃ አይጠራቀም፤ ሶፍቱ ጥግብ ብሎ መርጠቡ ይበቃል። ቁስሉ ሲድን እስከ ሆዱ ድረስ ብቻ የሚደርስ ውሃ ልታደርጉለት ትችላላችሁ። ነብሮን አስገቡትና ክደኑት። ለ20 ደቂቃ ይቆይ። አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁ፤ ሶፍቱ ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ።

ከዚያ ወንድምሽ በመዳፉ ላይ ያስቀምጠው። ከላይ አይጭበጠው። ጭራውን ፈጽሞ አይያዘው፤ ሲደነግጥ ጭራውን ጥሎ ያመልጣል። አንቺ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በለብታ ውሃ ነክረሽ ጣቱ ላይ አሳርፊውና እንጨቱን በጣቶችሽ መሃል ቀስ እያደረግሽ አሽከርክሪው። ከጣቱ ሥር ወደ ጫፉ። አያትሽ እንዝርት ስታሾር አይተሽ ታውቂ ይሆናል፤ እንደዚያ ቀስ ያለ ነው። የረጠበው ቆዳ በቀይ ሽንኩርት ሽፋኖች መሃል የምታገኚያትን ስስ ነገር ይመስላል። ሲለቅ እንደ ጓንት ጣት ተገልብጦ ይወጣል። ካልለቀቀ አትታገይው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሆነው ይሁን፣ መልሱትና ይረፍ። ነገ ድገሙት። ከነገ ወዲያም። አራት ቀን ቢፈጅ ምንም አይደለም።

ቅቤ ቀቡት የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ተዉት። ቅቤ ቆሻሻ ይይዝበታል፣ ይበላሽበታል፣ ጉንዳን ይጠራበታል። ውሃ ይበቃዋል።

ለቁስሉ ቤታዲን የሚባለውን ከፋርማሲ ግዙና በፈላ ቆይቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኑት፤ መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል። በጥጥ በቀን አንዴ ነካ አድርጉት። ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ ካለ ቁስሉ እስኪድን አውጥታችሁ ሶፍት አንጥፉ፤ አሸዋ ቁስል ውስጥ ይገባል። እግሩ ካበጠ፣ ጥቁረቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም መግል ከያዘ ቤት ውስጥ የምትጨርሱት ጉዳይ አይደለም።

ዓይኑ ያሳስበኛል፤ ከጣቶቹ በላይ። ብዙ ዓይነት ጌኮ የዓይን ቆብ የለውም፤ የነብሮ ዓይነት ግን አለው፣ ለዚህ ነው ጨፍኖ የሚውለው። የቀረ ቆዳ ከቆቡ ሥር ሲገባ ይቆረቁረዋል፣ ይቆጣል፣ ሊመግልም ይችላል። ባላየ ዓይን ፌንጣ መያዝ ስለሚያቅተው ምግብም ያቆማል። እዚህ ላይ ጥጥም አታስጠጊ። ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን ግዢና በእጅሽ ለብ አድርገሽ በቀን ሁለት ሦስቴ ጠብ ጠብ አድርጊበት። ነጩ ነገር ራሱ ረጥቦ ጥግ ላይ ከወጣ ጥሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ዓይኑን ካልከፈተ ግን ሐኪም ይየው።

"ደሴ ላይ ለእንሽላሊት ማን ሐኪም አለ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያው ደሴ ነው። አብዛኛው ሥራቸው ከብትና በግ ፍየል፣ ዶሮም ነው። ቢሆንም ቁስልና የዓይን ብግነት በእንስሳ ላይ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ጥሩ መምህር ደግሞ ለተማሪዎቹ የሚያሳየው አዲስ ነገር ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ነብሮን በብርድ ከማንከራተታችሁ በፊት ፎቶውን ይዘሽ ሄደሽ ጠይቂ። መቼ ቆዳ እንደለወጠ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ቀን እንደጨፈነ ጽፈሽ ያዢ። የሐሙሱንም ንገሪያቸው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይንና ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ያመጣልና ይህንም አንሺላቸው። የሰው ቫይታሚን ኪኒን ግን በግምት እንዳትሰጡት፤ ሲበዛ ይመርዛል።

እንግዲህ ለምን ኮምቦልቻ ደህና የነበረው ደሴ ላይ አቃተው? መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ግድም። የዚህን ሰሞን ውርጭ ለአንቺ አልነግርሽም። የጦሳ ተራራ ንፋስ ሌሊት በመስኮት ሲገባ ብርድ ልብስ ደርባችሁ ትተኛላችሁ፤ እሱ ምን ይደርብ? ጌኮ ከራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የለውም። ከውጭ ያገኘውን ነው የሚኖርበት። ሲበርደው አይንቀሳቀስም፣ የበላው አይፈጭለትም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ቆዳውን የሚፍቅበት ጉልበትም ያጣል።

አምፖሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ወንድምሽ የሚችለውን አድርጓል፤ አትቆጪው። ግን ሌት ተቀን የሚበራ አምፖል አየሩን ያደርቀዋል። በጋው ራሱ ደረቅ ነው። ነብሮም የምሽት እንስሳ ነው፤ ጨለማውን ይፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ጌኮዎች አገር አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታን፣ የሕንድ ሰሜን ምዕራብ ነው። ደረቅና ድንጋያማ ምድር። ስለዚህ "የበረሃ እንስሳ ነው፣ ደረቅ ይወዳል" ይባላል። ቀን ቀን የሚውለው ግን ድንጋይ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ እርጥበት አለ። ቆዳውን የሚለውጠውም እዚያ ተደብቆ ነው። ነብሮ አሁን በረሃው አለው፤ ጉድጓዱ ግን የለውም። እሱን ሥሩለት።

አሮጌ የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጡ፤ ነብሮ የሚያልፍባት በር በጎኑ ቅደዱና ጠርዙን በሻማ እሳት አለስልሱት፣ እንዳይቧጭረው። ውስጡ እርጥብ ሶፍት ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ። ስትጨምቁት ጠብ የማይል፣ ግን እጅን የሚያረጥብ ይሁን። በሞቃቱ በኩል አስቀምጡት። ሶፍቱን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ሻጋታ እንዳይዝ። የቀረው የሳጥኑ ክፍል ደረቅ ይሁን፤ ሁሉም ቦታ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሳንባውን ያመዋል። አንድ ሻካራ ድንጋይም አስገቡለት። አፍንጫውን እዚያ ላይ እየፈተገ ነው ቆዳውን የሚጀምረው።

ሙቀቱ በአንድ በኩል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ በሌላው በኩል 25 ግድም ቢሆን ጥሩ ነው። ሲሞቀው ወዲያ፣ ሲበርደው ወዲህ እያለ ራሱ ይመርጣል። ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ይጠቀሙበታልና የት እንደሚሸጥ እነሱን ጠይቁ። አምፖሉ ቀን ቀን ለ12 ሰዓት ያህል በአንድ ጥግ ብቻ ይብራ፣ ማታ ይጥፋ። ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በካልሲ ጠቅልላችሁ በሳጥኑ አንድ ጎን አስገቡ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ሳጥኑን ከላይና ከጎን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ አየር መግቢያ ይቅርለት። መብራት ሲሄድም ይኸው ሃይላንድ ነው መድኃኒቱ። ከሰል ግን አጠገቡ አታምጡ፤ ጭሱ ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የተቃጠለውን ዓይነት ማሞቂያ አስመጡ፤ ሙቀቱን ከሚቆጣጠር መሣሪያ ጋር።

ጥሬ ሥጋውን አቁሙት። ነብሮ የሚኖረው በሕይወት ባለ ነፍሳት ነው። ፌንጣ ካገኛችሁበት ቦታ ሁሉ አትሰብስቡ፤ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ወይም አትክልት ቦታ የመጣ ፌንጣ ይገድለዋል። ያገኛችሁትን አንድ ቀን በጠርሙስ አቆዩና ካሮትና ጎመን አብሉት፤ ፌንጣው የበላውን ነው ነብሮም የሚያገኘው። የዕንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ አድርቁና እንደ በርበሬ ልም አድርጋችሁ ፍጩት። ፌንጣው ላይ ነስነስ አድርጉለት፤ ካልሲየም ነው። ቆዳው ሲለቅ ከበላውም አትጸየፉት። ቆዳውን መብላት ልማዱ ነው፤ ኮምቦልቻ እያላችሁ "ሙልጭ አድርጎ ይጨርስ ነበር" ያልሽው ውስጥ ይህም አለበት።

ስለ አያትሽ አንድ ነገር ልጨምር። "መርዝ ነው" ስትል አትሳቁባት። ጌኮ መርዝ የለውም፤ ነክሶ የሚገድለው ሰው የለም። ነገር ግን እንደ ብዙ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። እሱን ሳያመው ሰውን ያማል፤ ሆድ ያጣድፋል፣ ያተኩሳል። ጤነኛ ወጣት ላይ ቶሎ ያልፋል። የታመመች አሮጊት ላይ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ከቤት ይውጣ ያለችው ስለ ገድ ቢሆንም፣ የምትፈራው ነገር ከንቱ አይደለም። ሳጥኑ ከሷ ክፍልና ከወጥ ቤት ይራቅ። የነብሮ ዕቃ የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት አይታጠብ። እሱን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሁልጊዜ።

ሲኒውም ለዚሁ ነው። እናትሽ ልክ ናት። ታጥቦ ወደ ረከቦቱ አይመለስ፤ የነብሮ ሆኖ ይቅር። ወንድምሽ በኪሱ ገንዘብ ከሰኞ ገበያ ሌላ ይግዛላት። እሱ ራሱ ይዞላት ቢገባ እናትሽ ሌላውን ነገር ለመስማት ልቧ የሚከፈት ይመስለኛል።

ቦርከና ዳር መልቀቅ ግን አይሆንም። በዚህ ውርጭ ሁለት ሌሊት የሚያልፍ አይመስለኝም። ቢያልፍም የዚህ አገር እንስሳ አይደለም፤ ከሌላ አገር የመጣ እንስሳ ሜዳ ላይ አይለቀቅም። ለእናትሽ ይህን ስትነግሪያት "እንዲህ ብታደርጊ ይሞታል" በያት፤ ልጇን እየጎዳች መሆኑን አትንገሪያት። ሌላ አማራጭ ካስፈለገ አለ። በደንብ ከተያዘ ነብሮ 15 እና 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ወንድምሽ ሠላሳ ሲሞላው ማለት ነው። አያታችሁ ዘንድ መቼ ድረስ ነው የምትቆዩት? ኮምቦልቻ እንስሳ የሚወድ፣ እጁን የሚታጠብ፣ ቤተሰቡ የፈቀደለት ጓደኛ አለው? ከሆነ ብርዱ እስኪያልፍ እዚያ ቢቆይለት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወርዶ ቢያየው አይከፋም። ጓደኞቹንም ያገኛል። ግን ይህን እሱ ራሱ ይወስን። አንዴ ቤቱን ሳይጠየቅ ትቶ መጥቷል።

አንድ ደብተር ግዙ። ነብሮ ቆዳው ሲደበዝዝና ዱቄት የተነሰነሰበት ሲመስል ቀኑን ጻፉ። በዚያ ሰሞን አታንሱት፤ እርጥቡን ጎጆ ብቻ ፈትሹለት። ቆዳውን በጣለ ማግስት በባትሪ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የጭራውን ጫፍና ዓይኖቹን እዩ። ወንድምሽ ይቁጠር፣ አንቺ ጻፊ።

ከሚቀጥለው ቆዳ በኋላ ጻፊልኝ እህቴ። ግራ ዓይኑን መክፈቱን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወንድምሽ አያቱ ያቀረበችለትን መብላቱንም።